አሮጌውን ፓነል አትጣሉት

የማንቂያ ደወል ፓነል ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ጥለህ አዲስ ግዛ። ሳጥኑ ደህና፣ ሳይረኑ ደህና፣ ዞኖቹም (የሴንሰር ሽቦ የሚታሰርባቸው መግቢያዎች) በትክክል እያነበቡ ዕቃው የሚጣለው ከአዲሶቹ ሽቦ አልባ ሴንሰሮች ጋር አይሠራም ተብሎ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ዕቃ ግን አለ፤ ሪሲቨር ይባላል። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ ነው፤ የሚገባውን ክብር አግኝቶ አያውቅም።

ሥራው አጭር ነው። ሴንሰሩ በር መከፈቱን በሬዲዮ ይልካል፤ ሪሲቨሩ ተቀብሎ ሪሌውን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ፣ ይከፍታል፤ የሪሌው ጫፎች ከፓነሉ ዞን ጋር በሽቦ ታስረዋል። ፓነሉ ሬዲዮ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሳይረኑን ያስጮኻል።

እንደ ጎረቤላ ባለች፣ የድንጋይ ቤት በበዛባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቆየ የድንጋይ ግንብ መብሳት ቀን ይፈጃል፤ አቧራው ደግሞ አይጣል ነው። ግን ያው ድንጋይ ሬዲዮንም ያዳክማል፤ ስለዚህ ሪሲቨሩን ከብረቱ ሳጥን ውጭ፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ግዢ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽቦ አልባ ሁሉ እርስ በርሱ አይሰማማም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው የሐኒዌል 5800 ሴንሰር በ345 ሜጋኸርዝ ይልካል፤ የጂኢው በ319.5። በሌላው ዓለም 433.92 እና 868 ይበዛሉ። ፍሪኩዌንሲው ቢገጥም እንኳ ኮዱ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ሪሲቨሩ የሚመረጠው ለሴንሰሩ እንጂ ለፓነሉ አይደለም። ፓነሉ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ሪሌ ይበቃዋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ከዞኑ ሽቦ ጋር ወደሚታሰረው ሬዚስተር። እ.ኤ.አ. በ1853 አሜሪካዊው አውጉስተስ ፖፕ የፈጠራ መብት ባገኘበት ደወል በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ደወሉ ይጮኽ ነበር። ሌባው አስቀድሞ ሽቦውን ከቆረጠ ግን ዝም ነው። የዛሬው ፓነል የሚያነበው የሬዚስተሩን መጠን ነው። በዲኤስሲ ፓነል 5.6 ኪሎ ኦም፣ በፓራዶክስ 1 ኪሎ ኦም ነው። ሽቦው ሲቆረጥ ንባቡ ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ ዜሮ ይሆናል። ፓነሉ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ሁለቱንም የሚይዘው ግን ሬዚስተሩ ከሽቦው መጨረሻ፣ ከሴንሰሩ ዘንድ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

አንዲት የጎረቤላ ባለ ሱቅ እናት «ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ጡረታ ወጥቷል ብለውኛል» አሉኝ። ክዳኑን ስከፍት አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለበት ያላቸው ሬዚስተሮች በሙሉ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ፣ ከዞኑ ብሎን ሥር ተጠምዝዘዋል። በሩ አጠገብ ሁለቱን ሽቦዎች በፒንሳ አነካካሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የፓነሉ አረንጓዴ መብራት ንቅንቅ አላለም። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ሲጠብቀኝ ነበር?» አሉ። ጥፋቱ የፓነሉ አልነበረም፤ መሰላል መውጣት የሰለቸው ገጣሚ ነው ለዓመታት ያጋለጣቸው። እባካችሁ ገጣሚዎች፣ ሬዚስተሩን እስከ በሩ ድረስ ይዛችሁት ሂዱ።

ሪሲቨር ሲገባ ደግሞ ሬዚስተሩ የሚቀመጠው ከሪሌው ዘንድ ነው፤ የሽቦው መጨረሻ እዚያ ነውና። ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ነው። አየሩን ሬዚስተር አይጠብቀውም። የሚጠብቀው ሴንሰሩ በየጊዜው የሚልከው «አለሁ» የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ ጥሩ ሪሲቨር ብልሽት ብሎ የሚያሳውቅበት የራሱ ሪሌ አለው። ይህን ሪሌ ሳያገናኝ ሥራውን ጨረስኩ የሚል ሰው ሬዚስተሩን ሳጥኑ ውስጥ ከጠመዘዘው የሚለየው ነገር የለም። ለብቻው ዞን ስጡት፤ ዞኑም ሌት ተቀን ነቅቶ የሚጠብቅ ይሁን። ሪሌዎቹም በደህናው ጊዜ ኃይል ይዘው የሚቆዩ ይሁኑ፤ ያኔ ሪሲቨሩ ኃይል ሲያጣ ዞኑ ይከፈትና ፓነሉ ያውቃል።

በኢቪ1527 ቺፕ የሚሠሩት ርካሽ ሴንሰሮች «አለሁ» ማለት አያውቁም። ኮዳቸውም የማይለወጥ ስለሆነ ተቀድቶ መልሶ ሊላክ ይችላል። ለዶሮ ቤት ይሁኑ፤ ለሱቅ አልመክርም።

መብራትም አይረሳ። ሪሲቨሩ የሚበላው ከፓነሉ 12 ቮልት ነው። ፓነሉ 100 ሚሊአምፔር ሲወስድ ባለ 7 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ በሒሳብ 70 ሰዓት ያቆያል፤ ሪሲቨሩ 50 ሲጨምርበት ወደ 47 ይወርዳል። ያረጀ ባትሪ ግን የዚህን ግማሽም ላያቆይ ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር እሱን መቀየር ይቀድማል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በር ከፍቶ ሳይረኑን መስማት ፈተና አይደለም። የአንዱን ሴንሰር ባትሪ አውጡና ሪሲቨሩ የሚጠብቀው ሰዓት እስኪያልፍ ቆዩ። ፓነሉ ብልሽት መኖሩን ካሳወቀ ክፍያችሁን ተቀበሉ፤ ዝም ካለ ግን ሥራው ገና አላለቀም።