ገመዱ ሲነቀል

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፥ ከጽድና ከወይራ ሥር ተቀምጦ የዕፀዋቱን ስምና ቁመት በላፕቶፕ የሚመዘግብ ተማሪ አንድ ጭንቀት አይለየውም፤ ይኸውም ባትሪው ነው። ቢሮ ውስጥ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ መሣሪያው በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ የሚከፋው የለም። በዛፎቹ መካከል ግን ያው ልማድ ከቀጠለ፥ የጧቱ መዝገብ ሳይቀመጥ መሣሪያው ድርግም ሊል ይችላል።

የኃይሉን ማስተካከያ በእጅ መለወጥ ይቻላል፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። እንግዲህ ለምን ለመሣሪያው ለራሱ አንተውለትም? ዊንዶውስ «ጌት ሲስተም ፓወር ስታተስ» በሚባለው ጥሪ ሲጠየቅ በቁጥር ይመልሳል፤ 0 በባትሪ፥ 1 በመስመር፥ 255 ደግሞ አልታወቀም ማለት ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «0 ካልሆነ ገመዱ ተሰክቷል» ብሎ የጻፈ ሰው ያልታወቀውን እንደ ታወቀ ይቈጥረዋል። የባትሪውም መጠን ከ0 እስከ 100 ይነገራል፤ እዚያም 255 ቢመጣ ባትሪው ሞልቶ ተረፈ ማለት አይደለም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት በየሰኮንዱ መጠየቅ ነው። ባትሪ ሊቈጥብ የተሠራው ፕሮግራም መሣሪያውን ዕረፍት እየነሣ ራሱ ባትሪውን ይበላል! (ደብዳቤ መጣልኝ ወይ እያለ ሌሊቱን ሁሉ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይባላል?) ዊንዶውስ ገመዱ ሲሰካና ሲነቀል ለፕሮግራሞች መልእክት ስለሚልክ፥ ዐዋቂ የጻፈው ፕሮግራም መልእክቱ እስኪደርሰው ዝም ብሎ ይቈያል። ሲደርሰው አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ገመዱ ተነቅሎ እንደ ሆነም መጀመሪያ መዝገቡን አስቀምጦ፥ ቀጥሎ «ፓወር ሲኤፍጂ» በተባለው ትእዛዝ ወደ ቈጣቢው ዕቅድ ያዛውራል።

በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሚዛናዊው ዕቅድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያሉትን ዕቅዶች አስቀድሞ በዚያው ትእዛዝ ማስዘርዘር ያስፈልጋል። ቈጣቢ ዕቅድ ባይገኝ የመስተዋቱን ብርሃን መቀነስ ብቻውን ብዙ ይረዳል። በሊኑክስ ለሚሠሩት ነገሩ ቀላል ነው፤ የባትሪው ሁኔታ እንደ ተራ ፋይል ተከፍቶ ይነበባል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተማሪው ሙሉውን ኃይል የመረጠው ዐስቦበት ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ገመዱ ሳይነቀል የነበረውን ዕቅድ መዝግቦ ይያዝ፤ ማታ ቢሮ ገብቶ ገመዱን ሲሰካው ያንኑ ይመልስለት።