«ይከፍቱታል» ያልኩ ቀን

በቤታችን «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የማይባልበት ወር የለም። እናቴ ውኃ አፍልታ፣ ፎጣ ተከናንባ ትታጠናለች፤ ከዚያ ይሻላታል። ባለፈው ጥር ግን አልተሻላትም። ቀኝ ጉንጯ ብቻ ከበዳት፤ መጥፎ ሽታም ይሸታት ጀመር። መድኃኒት ብትወስድም አልለቀቃትም።

ሐኪሙ ሲቲ ስካን አይተው «ኦፕሬሽን ያስፈልጋል» አሉ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሜሪላንድ ነው፤ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። ቃል ሲጠፋኝ «እማዬ፣ ጉንጭሽን ይከፍቱታል» አልኳት። እናቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማታ ቡና እየጠጣን ምክንያቱን ነገረችኝ። አክስቷ ከብዙ ዓመት በፊት የሳይነስ ኦፕሬሽን ተደርጎላቸው ነበር። ፊታቸው አብጦ፣ ጉንጫቸው ለወራት ደንዝዞ ነበር። «እኔ ፊቴን አላስነካም!» አለች።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ ባለሙያ አስተርጓሚ በስልክ እንዲገባ ጠየቅን። እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ሳይነስ ማለት በፊት አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሞላበት ባዶ ክፍል ነው። ትልቁ ከዓይን በታች፣ ከላይኛው ጥርስ በላይ ይገኛል። ወደ አፍንጫ የሚያወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የሚገርመው፣ ቀዳዳው ያለው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ነው! ታዲያ ንፍጡ እንዴት ይወጣል? በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጡታል። ቀዳዳው ሲደፈን ንፍጡ እዚያው ይጠራቀማል።

የድሮው ኦፕሬሽን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የታወቀው በኒውዮርኩ ካልድዌልና በፓሪሱ ሉክ ነው። ከላይኛው ከንፈር ስር ድዱ ይቀደዳል፤ አጥንቱ ይበሳል። ንፍጡ እንዲፈስም ወደ ታች ሌላ ቀዳዳ ይሠራ ነበር። ፀጉሮቹ ግን አዲሱን ቀዳዳ አልፈው ንፍጡን ወደ ተፈጥሮ መውጫው ይወስዱታል። በኦስትሪያ፣ በግራዝ ከተማ፣ ሜሰርክሊንገር የተባሉ ሐኪም የንፍጡን ጉዞ በኢንዶስኮፕ ተከታትለው አሳዩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አዲሱ ዘዴ ተስፋፋ፤ ቀጭን ኢንዶስኮፕ በአፍንጫ ይገባል፤ የተፈጥሮው ቀዳዳ ይሰፋል። ፊት ላይ ጠባሳ አይተውም። ዓይን ቅርብ ስለሆነ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ነገሩን። የእናቴ ሕመም በአንድ ወገን ብቻ መሆኑና ሽታው ጥርሷን አስጠረጠራቸው። እውነትም የአንድ መንጋጋ ጥርሷ ሥር ተመርዞ ነበር። ጥርሱ ካልታከመ ሳይነሱ ይመለሳል ተባልን። ስለዚህ ሁለቱም ታከሙ። እናቴ በዚያው ቀን ወደ ቤት ተመለሰች። ለጥቂት ጊዜ አፍንጫዋን አጥብቃ እንዳትናፈጥ ተከለከለች፤ በጨው ውኃም ታጠበች።

አክስቷ ስልክ ሲደውሉ በኩራት «ቀዳዳውን ሰፉት!» አልኳቸው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። «ልብስ ነኝ እንዴ የምሰፋው? አሰፉት በል!»

አንድ «አ» ስንት ነገር ይለውጣል! እናንተም ለወላጆቻችሁ ሐኪም ቤት የምታስተረጉሙ ከሆነ፣ ቃል ሲጠፋችሁ አትገምቱ። «አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። እኔ በግምቴ እናቴን ከሕክምናዋ ላስቀራት ነበር።