ሦስት ዳርቻዎች፣ ሦስት ባሕሮች፤ የሰሜን አፍሪካ የባሕር ዕረፍት የት? መቼ?

የዓመት ዕረፍቱን በሰሜን አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ለማሳለፍ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ካርታና የዋጋ ዝርዝር ነው። ካርታው ግን ሊያሳስተው ይችላል። የሞሮኮዋ አጋዲር፣ የቱኒዚያዋ ጄርባ ደሴትና የግብጿ ሁርጋዳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ27 እስከ 34 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። የሚደርሳቸው የፀሐይ ብርሃንም ተቀራራቢ ነው። ሆኖም በነሐሴ ወር እግራችንን በሦስቱ ዳርቻዎች ብንነክር በአጋዲር 20፣ በጄርባ 27፣ በሁርጋዳ ደግሞ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ውኃ ይጠብቀናል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው? ለተጓዡስ ምን ይጠቅመዋል? በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምንሞክረው እነዚህን ጥያቄዎች ነው።

በቅድሚያ ስለ “ክረምት”

ለአገራችን ሰው ክረምት ሲባል የሚታየው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ብርቱ ሙቀት የሚፈራረቅባቸው ወራት ሲሆኑ፣ ዝናቡ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ይወርዳል። ስለዚህ “የክረምት ቅናሽ” የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ተጓዥ የትኛው ክረምት እንደ ሆነ በወር ስም ማረጋገጥ ይኖርበታል። እኛም ከዚህ በታች የወራትን ስም የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቶቹ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል

አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4200 ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ለደረቅ አሸዋ ከዚህ አንድ አምስተኛው ገደማ ይበቃል። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው እግርን እያቃጠለ ባሕሩ ለዘብ ብሎ የሚጠብቀን ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ማዕበል የላይኛውን ውኃ ከታችኛው ጋር ስለሚቀላቅለው ሙቀቱ ወደ ጥልቀት ይሠራጫል።

በዚህም የተነሣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ቀን የሚውለው በሰኔ አጋማሽ ቢሆንም የሜዲትራኒያን ውኃ ሙቀቱ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ወር ያህል ዘግይቶ፣ በነሐሴ ነው። ቅዝቃዜውም እንዲሁ በየካቲት ይበረታል። የፀሐዩ ግለት በረድ ብሎ ባሕሩ ገና ሙቀቱን ያልጣለበት ወር ካለ እርሱ መስከረም ነው።

አጋዲር፤ ነፋስ የሚያወጣው ቀዝቃዛ ውኃ

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ፍሪድጆፍ ናንሰን ከ1893 እስከ 1896 ፍራም በተባለችው መርከብ በአርክቲክ ሲጓዝ፣ ተንሳፋፊው በረዶ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ቀኝ አዘንብሎ እንደሚጓዝ አስተዋለ። ስዊድናዊው ቫግን ዋልፍሪድ ኤክማን በ1905 ባሳተመው ሥራ ምክንያቱ የምድር ዙረት መሆኑን በሒሳብ አስረዳ።

የሞሮኮ ዳርቻ የዚህ ሕግ ጉልህ ምሳሌ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ዳርቻውን ተከትሎ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ አትላንቲክ መሐል ይገፋዋል። የተለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ከጥልቀት ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ይህ ውኃ ለደቂቅ ዕፅዋት የሚሆን ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ ሞሮኮን በሰርዲን ዓሣ ባለጸጋ አድርጓታል፤ ለዋናተኛው ግን የሚያንቀጠቅጥ ነው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋቸው ስለሆነ፣ በሐምሌ ጧት ዳርቻውን ጉም ሸፍኖት ማየት የተለመደ ነው። ነፋሱ በሚላላበት በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ባሕሩ የተሻለ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር የቀኑ አየር 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ለእግር ጉዞ እንጂ ለዋና ግን አይመከርም።

ሁርጋዳ፤ ቀዝቃዛ ጥልቀት የሌለው ባሕር

ቀይ ባሕር ከ2000 ሜትር በላይ የሚጠልቅባቸው ሥፍራዎች አሉት። በክፍት ውቅያኖስ በዚህ ጥልቀት የሚገኘው ውኃ 4 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በቀይ ባሕር ግን ሙቀቱ እስከ ታች ድረስ 21 ወይም 22 ዲግሪ ነው። በደቡብ በኩል ከባብ ኤል መንደብ አጠገብ 140 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ደፍ የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚያግደው ነው። የቱንም ያህል ነፋስ ቢነፍስ ከታች የሚወጣ ብርድ የለም።

ስለዚህ ሁርጋዳ በየካቲት እንኳ 21 ዲግሪ ያህል የሞቀ ባሕር ይኖራታል። ነገር ግን ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ከውኃ የወጣን ሰው ያንዘፈዝፋል፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በነሐሴ ደግሞ አየሩ ከ35 ዲግሪ ይበልጣል። ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱን ጫፎች ያስታርቃሉ። የኮራል ዓለቶቹን ለማየት የሚገባ ሰው ሊረግጣቸው አይገባም፤ ድንጋይ ቢመስሉም ሕያዋን እንስሳት የገነቧቸው ናቸውና።

ጄርባ፤ ጥልቀት የሌለው ባሕር

ጄርባ በገቤስ ባሕረ ሰላጤ ጥግ ትገኛለች። ባሕሩ በዚያ ዝቅተኛ ጥልቀት ያለው ስለሆነ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል። በመስከረም ከ25 ዲግሪ በላይ የሆነው ውኃ በየካቲት ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ በዚህ ወቅት ዘሎ የሚገባ ሰው ትንፋሹ በድንገት ሊያጥረው ይችላል። ለጄርባ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ምቹ ነው፤ ከሁሉም መስከረም ይመረጣል።

ነፋሱና ጎታቹ ጅረት

ከመጋቢት እስከ ግንቦት በግብጽ ከበረሃ የሚነሣ ትኩስና አቧራማ ነፋስ ይነፍሳል። ዐረቦች “ኸምሲን” ይሉታል፤ ትርጓሜው ኃምሳ ማለት ነው፤ የቃሉ ዝምድና ከእኛ ቋንቋ ጋር ግልጽ ነው። አስም ያለበት ሰው እነዚህን ወራት ቢያልፋቸው ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሳሰቢያችን ግን ስለ ነፍስ ነው። በሐምሌ ወር 2020 መጀመሪያ በእስክንድርያ አቅራቢያ፣ አጀሚ በተባለው ሥፍራ፣ በባሕር የተወሰደ ልጅ ለማዳን የገቡትን ጨምሮ 11 ሰዎች ሰጠሙ። ማዕበል ወደ ዳርቻ የገፋው ውኃ በጠባብ መስመር ወደ ባሕር ሲመለስ ብርቱ ዋናተኛን እንኳ ይጎትታል። በላንጋኖ ወይም በሐዋሳ ዋና የተማረ ሰው ይህን አያውቀውም። ጅረቱ ቢይዘን ወደ ዳርቻው ቀጥ ብለን አንታገል፤ ጉልበታችን ያልቃል። ይልቁንም ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነን ከጅረቱ እስክንወጣ እንዋኝ፤ ከደከመን ተንሳፈን እጃችንን እያነሣን እርዳታ እንጥራ። ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበትና የዋና ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ አለመግባት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል።

እንግዲህ ምርጫው እንደ ጊዜያችን ነው። ፈቃዳችን በመስከረም ከሆነ ጄርባ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ከሆነ ሁርጋዳ፣ ከሙቀት ሸሽተን በሐምሌ ቀዝቀዝ ያለ አየር ከፈለግን አጋዲር። ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ወሩና ባሕሩ ይጠየቁ። መልካም ጉዞ!