ከውጭ የታዘዘ ዕቃ ልደታ እስኪደርስ

አዲስ አበባ ልደታ ለሚኖር ሰው ከውጭ አገር የሚመጣ ጫማ ወይም ልብስ ታክሱ የሚሰላው በመደብሩ ዋጋ ብቻ አይደለም። ጉምሩክ በዕቃው ዋጋ ላይ የመድንና የማጓጓዣ ወጪን ደምሮ መነሻ ያደርጋል። በአውሮፕላን ተቻኩሎ የተላከ ርካሽ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው፤ የማጓጓዣው ገንዘብም ይቀረጣልና።

ከዚያ ታክሶቹ እየተደራረቡ ይሄዳሉ። መነሻው 10,000 ብር የሆነ፣ 35 በመቶ ቀረጥ የተጣለበት ዕቃ ቀረጡ 3,500 ብር ነው። 15 በመቶው ቫት የሚታሰበው በ13,500 ብር ላይ ስለሆነ 2,025 ብር ይሆናል። 10 በመቶው ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ) ደግሞ እስካሁን ከተደመረው 15,525 ብር ላይ 1,552.50 ብር ይወስዳል። ለማኅበራዊ ልማት የሚሰበሰበው 3 በመቶ በመነሻው ዋጋ ታስቦ 300 ብር ሲጨመር፣ ተከፋዩ ጠቅላላ 7,377.50 ብር ይደርሳል። ኤክሳይስ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ሂሳቡ ከዚህም ይከብዳል። ለንግድ የሚገባ ዕቃ 3 በመቶ ተቀናሽ ግብር ይከፈልበታል፤ ይህኛው ግን ለነጋዴው በዓመታዊ ግብሩ ላይ ይታሰብለታል።

ቫት በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የሽያጭ ታክስ ዛሬም አለ። ሜሪላንድ ያለ ዘመድ ጫማ ገዝቶ ሲልክ 6 በመቶ እዚያው መደብር ይከፍላል፤ ይህ ክፍያ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሚጠየቀውን አያስቀርም። ጥቅሉ ላይ «ስጦታ» ብሎ መጻፍም ብቻውን ከቀረጥ ነፃ አያደርግም።

ምንዛሪም የራሱ ድርሻ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ በወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። የታሪፉ መቶኛ ባለበት ቢቆምም፣ የ100 ዶላር ዕቃ ታክስ ያኔ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ ሂሳቡን ከማዘዝ በፊት መሥራት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ዋናው ማስረጃ ደረሰኝ ነው። ጉምሩክ የቀረበለትን ዋጋ ከተጠራጠረ ተመሳሳይ ዕቃዎች በገቡበት ዋጋ ሊተምን ይችላል፤ የባንክ ክፍያ ማስረጃና የሻጩ ደረሰኝ የሌለው ባለዕቃ ያኔ የሚከራከርበት ያጣል። ቅሬታ ያለው በቅድሚያ ለጉምሩክ ኮሚሽን ያመለክታል፤ ካልረካ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በሕግ ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከሚያስችልባቸው ምድቦች አንዱም ልደታ ነው።