ስለ ቧንቧ ውኃ ጣዕምና ሽታ

እስራኤል ባሕረ ኤርትራን ተሻግረው ሦስት ቀን በምድረ በዳ ከተጓዙ በኋላ በማራ ያገኙት ውኃ መራራ ሆኖባቸው ሲያጉረመርሙ፣ ሙሴ እግዚአብሔር ያሳየውን ዕንጨት ቢጥልበት ጣፈጠላቸው፤ ዛሬ ግን በቤቱ ቧንቧ ከፍቶ የሚሸት ውኃ የገጠመው ሰው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የሽታውን መነሻ ነው፤ ያንዱ ሽታ ፈውስ ለሌላው አይሆንምና።

ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ደግሞም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች እየተሳበ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ውኃ በየቤቱ ሳይደርስ ብዙ ነገር ይነካዋል። በግድብ ተኝቶ ፀሐይ የሚመታው ውኃ ዐይን የማያያቸው ረቂቃን ፍጥረታት ሲበዙበት ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሊፈጠርበት ይችላል፤ ዝናም የነካው ዐፈር የሚሰጠው መዓዛም ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከግራም ቢሊዮንኛ 10 ያህሉ እንኳ ቢገኝ አፍንጫ ይለየዋል፤ ጤናን ግን አይነካም።

ከሁሉ ይልቅ ሲነቀፍ የምንሰማው ክሎሪን ነው፤ ነገር ግን ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥና ግፊቱ ሲወርድ በቱቦው ስንጥቅ ከሚሰርገው ርኩሰት የሚጠብቀን እርሱ ስለ ሆነ፣ መለስተኛ የክሎሪን ሽታን እኔ እንደ በጎ ምልክት እቆጥረዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር እስከ 5 ሚሊግራም ሲፈቅድ፣ ብዙ ሰው 1 ሚሊግራም ሳይሞላ ይሸተዋል። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ የብዙዎችን ጥርስ ያበለዘውና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ፣ ከተወሰነው 1.5 ሚሊግራም እጅግ አልፎ ሳለ እንኳ ለአፍንጫ አይታወቅም። ክሎሪኑ ያስቸገረው ቤተሰብ ውኃውን አፈ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ቀድቶ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ቢያሳድረው ሽታው ይቀንሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጠባቂ የለውምና በማግስቱ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት።

ውኃው እንደ ሐኪም ቤት መድኃኒት ከሸተተ፣ ከቧንቧ ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ የምንቀዳበት ተራ ጎማ ከክሎሪኑ ጋር ተገናኝቶ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል፣ ጎማውን ለመጠጥ ውኃ በተሠራ መለወጥ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት እንደ ሆነ ደግሞ በብርጭቆ ቀድቶ ከመታጠቢያው ርቆ ማሽተት ይገባል፤ በብርጭቆው ከሌለ ሽታው የፍሳሽ መውረጃው ነው፤ በፍል ውኃ ብቻ ከታወቀ ከማሞቂያው ነው፤ ከሮቶው በሚወርደው ተገኝቶ በቀጥታ ከመሥመሩ በሚመጣው ከታጣ፣ ሮቶውን ደለሉን አውጥቶ በበረኪና ማጠብ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅና ፀሐይ እንዳይገባው ክዳኑን መግጠም ያስፈልጋል። ብረት ብረት የሚለው ግን ሌሊቱን በአሮጌ የብረት ቱቦ ያደረ ውኃ ነውና፣ የጠዋቱን መጀመሪያ ለአትክልት መስጠት ይበቃል።

የፍሳሽ ወይም የነዳጅ ሽታ ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ነዳጅን ማፍላት አያጠፋውም፤ ስለዚህ ቧንቧውን ዘግቶ፣ መጠጡን ከሌላ ስፍራ አስመጥቶ፣ በዚያው መሥመር የሚጠጡትን ጎረቤቶች አስጠንቅቆ፣ በዚያው ቀን ለውኃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ግድ ነው።