በሕዋስ ውስጥ አንዱን ፕሮቲን ለይቶ ስለ ማየት

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ዐሥር ሺህ ሰው ነጭ ጋቢ ለብሶ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል እንበል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንዱን ሰው ለይታችሁ፣ የቆመበትን ስፍራ ከተራራ ላይ ሆናችሁ እንድታመለክቱ ብትታዘዙ ምን ታደርጋላችሁ? በዐይን መፈለግ አይሆንም፤ ጨለማ ነው፤ ቢነጋም እንኳ ሁሉም ነጭ ለባሽ ነው። ነገር ግን ያን ሰው አጥብቆ የሚያውቀውን አንድ ወዳጁን ፋኖስ አስይዛችሁ ብትልኩና ወዳጁም ፈልጎ አግኝቶት ከጎኑ ሳይለይ ቢቆም፣ እናንተ የፋኖሱን ብርሃን በማየት ብቻ የሰውየውን ስፍራ ታውቃላችሁ። የሕዋስ ተመራማሪዎች በዐይን የማይታየውን ፕሮቲን ለመፈለግ የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

የሕያዋን ፍጥረታት አካል ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በሥነ ሕይወት ትምህርታችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ እጅግ ረቂቅ አካላት አሉ፤ ሪቦዞም ይባላሉ። በሩማንያ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ፓላዲ እነዚህን አካላት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በ1955 ገለጻቸው (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል የአንድ ሪቦዞም ስፋት ከዚያ ውስጥ 30 ያህሉ ብቻ ነው። እንዲህ ትንሽ ይሁን እንጂ የሰው ሪቦዞም ከ4 የአር ኤን ኤ ሞለኪውሎችና ከ80 ያህል ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች የተገነባ ነው። ፕሮቲን ሠሪው ራሱ ከፕሮቲን የተሠራ መሆኑን ልብ በሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች ከኑክሊየስ ውጭ ተሠርተው ወደ ኑክሊየስ ይገባሉ፤ በዚያም ኑክሊዮለስ በተባለው ክፍል ከአር ኤን ኤው ጋር መገጣጠም ይጀምራሉ፤ ከዚያም ተመልሰው ይወጣሉ። ስለዚህ ስለ አንድ የሪቦዞም ፕሮቲን «አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «የት ደረሰ?» ብሎም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄው ለዕውቀት ብቻ ተብሎ የሚነሣ አይደለም። ዳይመንድና ብላክፋን የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች በ1938 አንድ የሕፃናት በሽታ ገልጸው ነበር፤ ይኸውም ሕፃኑ ሌላ ነገር ሳይጎድልበት ቀይ የደም ሕዋሳትን በበቂ ሁኔታ ማፍራት የሚሳነው ነው። ምክንያቱ 60 ዓመት ያህል ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ በ1999 ከአንዳንድ ሕሙማን ላይ አር ፒ ኤስ 19 የሚባለው የሪቦዞም ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ዛሬ ከሕሙማኑ ሩብ ያህሉ የዚህ ጂን ጉድለት እንዳለባቸው ይታወቃል። ታዲያ አንዳንዱ ጉድለት ፕሮቲኑ ጨርሶ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ግን ፕሮቲኑ ተሠርቶ ሳለ ወደ ኑክሊዮለስ እንዳይደርስ ያግደዋል። ሕዋሳትን አድቅቆ የፕሮቲኑን መጠን የሚለካ ሰው ይህን ሁለተኛውን ሊያውቅ አይችልም፤ ሕዋሱ ሳይፈርስ ማየት አለበት።

ፋኖስ ያዡ ወዳጅ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ሰውነታችን ከውጭ የገባ ነገር ሲያገኝ የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን ቅርጹ እንደ ባላ ነው፤ በሁለቱ ቅርንጫፎቹ ጫፍ አንድን የተወሰነ ነገር፣ ጓጉንቸር የገዛ ቁልፉን እንደሚቀበል፣ ለይቶ ይይዛል። ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን ወይም የእርሱን ቁራጭ ጥንቸል ይወጉና ጥንቸሏ ያፈራችውን ፀረ እንግዳ አካል ከደሟ ይለያሉ። በሪቦዞም ፕሮቲኖች ላይ ግን ይህ ሥራ ቀላል አይደለም፤ የሰውና የጥንቸል ሪቦዞም እጅግ ስለሚመሳሰል የጥንቸሏ ሰውነት የገባውን ፕሮቲን እንደ ዘመድ ቆጥሮ ዝም ሊለው ይችላል።

ፋኖሱን በወዳጁ እጅ የማስያዙን ሐሳብ ያመነጨው አልበርት ኩንስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ኩንስ በ1939 በርሊንን ሲጎበኝ፣ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት በሽታ እንዴት እንደሚነሣ ያሰላስል ነበር። የባክቴሪያው ርዝራዥ በታመመው የሰውነት ክፍል ውስጥ ይኖር እንደ ሆነ ለማየት፣ በፀረ እንግዳ አካሉ ላይ የሚያበራ ቀለም ቢለጠፍስ ብሎ አሰበ። ከሃርቫርድ ኬሚስቶች ጋር ሆኖ በ1941 ያወጣው የመጀመሪያው ቀለም ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነበር። ሆኖም የእንስሳት ሥጋ ራሱ ሰማያዊ መሰል ብርሃን ስላለው ፋኖሱ ከሜዳው ጭጋግ ጋር ተቀላቀለ። በሚከተለው ዓመት ፍሎረሲን በተባለው ቀለም ተካው። ፍሎረሲን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ማይክሮስኮፑም ሰማያዊውን በማጣሪያ አስቀርቶ አረንጓዴውን ብቻ ያሳልፋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሕዋሳቱ በስስ መስታወት ላይ ይበቅሉና በፎርማሊን ባሉበት እንዲደርቁ ይደረጋል። ሕዋሱ በዚህ ጊዜ ይሞታል፤ የሚታየውም አንዲት የቆመች ቅጽበት ናት። ቀጥሎ ፀረ እንግዳ አካሉ እንዲገባ የሕዋሱ ሽፋን ሳሙና በሚመስል ንጥረ ነገር ይበሳሳል። ከዚያም የጥንቸሏ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርና ያልያዘው ታጥቦ ይወገዳል። ብዙ ጊዜ ቀለሙ በዚህ በመጀመሪያው ላይ አይለጠፍም፤ የጥንቸልን ፀረ እንግዳ አካል በሚያውቅ ከፍየል በተገኘ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ነው የሚለጠፈው። በአንዱ የጥንቸል ላይ ብዙ የፍየል ስለሚያርፍ ብርሃኑ ይበረታል። በመጨረሻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኑክሊዮለስና ከኑክሊየስ ውጭ ያለው ክፍል በአረንጓዴ ብርሃን ያበራሉ። አንድ ነጠላ ሪቦዞም ግን አይታይም፤ የተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከሪቦዞም ስፋት ከስድስት እጥፍ በላይ የሆነ ርቀት ካልተገኘ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ አያሳይም።

እዚህ ላይ ጠንቃቃው ተመራማሪ ቆም ይላል። ፋኖሱ የሚያሳየው ወዳጁ የቆመበትን ስፍራ እንጂ ሰውየውን አይደለምና ወዳጁ ተሳስቶ ከሌላ ሰው ጎን ቆሞ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ከሕዋሳቱ አንዱ ክፍል የጥንቸሏ ፀረ እንግዳ አካል ሳይጨመርበት የፍየሉ ብቻ ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ ካበራ ብርሃኑ ሐሰት ነው። እንደዚሁም የሚፈለገው ፕሮቲን ሆን ተብሎ እንዲቀንስ የተደረገባቸው ሕዋሳት ይታያሉ፤ ፕሮቲኑ ቀንሶ ብርሃኑ ካልቀነሰ ፀረ እንግዳ አካሉ የያዘው ሌላ ነገር ነው። ያማረ ሥዕል ያገኘ ሰው ይህን ማጣሪያ ለመዝለል መፈተኑ አይቀርም።

ወደ ሕፃናቱ በሽታ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። ሕመምተኛው ከአንዱ ወላጁ የተበላሸውን፣ ከሌላው ደኅናውን ጂን ስለሚወርስ ወይም ከሁለቱ ጂኖች አንዱ በእርሱ ላይ ስለሚበላሽ፣ ሁለቱም ዐይነት ፕሮቲን በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለአር ፒ ኤስ 19 የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል መንትያዎቹን አይለይም፤ ደኅናው ኑክሊዮለስን ካበራው የታመመው መቅረቱ ይሸፈናል። ተመራማሪዎች ለዚህ ያገኙት መላ በተበላሸው ፕሮቲን ጫፍ ላይ ሌላ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ መቀጠልና ፀረ እንግዳ አካሉን ለዚያ ቁራጭ ማዘጋጀት ነው። ከመንትያዎቹ በአንደኛው አንገት ላይ ማተብ እንደ ማሰር ማለት ነው። ምልክቱ በደኅናው ፕሮቲን ላይ ሲታሰር ኑክሊዮለስ ያበራል። በአንዳንዶቹ የተበላሹ ዐይነቶች ላይ ሲታሰር ግን ኑክሊዮለሱ እንደ ጨለመ ይቀራል፤ ፕሮቲኑም በሌላው የሕዋስ ክፍል ተበትኖ ይታያል፣ አለዚያም ፈጥኖ ስለሚፈርስ ጨርሶ ይጠፋል።