ቀይ ማስታወቂያ ምንድን ነው?

በሠፈራችን በልደታ፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በኩል ያላለፈ ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። በካቴና ታስረው ከመኪና የሚወርዱትንም ቆም ብለን እናያለን። ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከዚያ ስንመለስ አንዱ ጓደኛችን፣ «ወንጀለኛ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ማን ያገኘዋል?» ብሎ ክርክር አስነሣ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም የተባለው ኤርትራዊ ሊቢያ ውስጥ በባኒ ዋሊድ ስደተኞችን አጉሮ ያስገርፍ፣ ጩኸታቸውን በስልክ ለወላጆቻቸው እያሰማ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ የእኛ እኩያ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ አንድ የቀድሞ ተጠቂ አየውና ለፖሊስ ጠቁሞ አስያዘው። የመረጃው መነሻ እንግዲህ ኮምፒዩተር አይደለም፤ ያን ፊት ያልረሳ አንድ ሰው ነው። በየካቲት 2013 ግን ሰውየው ለችሎት ከቀረበበት ፍርድ ቤት አምልጦ ጠፋ። በሌለበት የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት።

ከዚህ በኋላ ነው የኢንተርፖል ነገር የሚመጣው። መቼስ ብዙዎቻችን ኢንተርፖል የራሱ ሽጉጥና እሥር ቤት ያለው የዓለም ፖሊስ ይመስለን ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ፈረንሳይ ሊዮን የሆነ፣ 196 አባል አገሮች ያሉት መልእክት አቀባይና መዝገብ ቤት ነው ቢባል ይቀላል። በየአገሩ አንድ ብሔራዊ ቢሮ አለው፤ የእኛው በፌዴራል ፖሊስ ሥር ነው። አንዱ አገር ተፈላጊውን ሲያመለክት ሊዮን ጥያቄውን ይመረምራል። ጉዳዩ የፖለቲካ፣ የጦር፣ የሃይማኖት ወይም የዘር ከሆነ መቀበል አይፈቀድለትም። ካለፈ ቀይ ማስታወቂያ ይወጣል። ቢጫው የጠፋን ሰው፣ ጥቁሩ ማንነቱ ያልታወቀን አስከሬን ይመለከታል። ቀዩ «ይህ ሰው ይፈለጋል፤ ፈልጋችሁ ያዙልን» የሚል ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ መያዝ አለመያዙን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል።

እኛን እንደ መምህር ያስገረመን ግን የስም ነገር ነው። የድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎች ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው። «ኪዳኔ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። የአባታችንን ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም ያደርጉታል! በክፍል ስም ስንጠራ እንኳ ሁለት «አበበ» ሲገጥመን እንቸገር የለ? ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ይታመናል፤ አሻራ ደግሞ ፊደል አይቀያየርበትም።

በኪዳኔ ላይ ኢትዮጵያም ኔዘርላንድም ቀይ ማስታወቂያ አስወጥተው ነበር። ሁለቱ የየራሳቸውን መዝገብ ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ አንዱ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ብቻ፣ ሌላው አውሮፓ የደረሱትን ስደተኞች ቃል ብቻ ይዞ ይቀር ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፖሊስ በበኩሉ የገንዘቡን ዝውውር ተከታተለ። ሰውየው ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ከችሎት ካመለጠ አንድ ዓመት ከአሥር ወር ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን ለጓደኛችን ስናነብለት፣ «እሺ፣ ሱዳን እምቢ ብትልስ ኖሮ?» አለን።

እምቢ ማለት ትችል ነበር።